የተጠና ሐይቅ፣ ያልተጠየቀ ሕዝብ፦ በጣና ዙሪያ የጥናትና የመንግሥት ውሳኔ ግንኙነት አጭር ታሪክ

ሀገር የሚመራበት ውሳኔ በጥናት ላይ መመሥረት እንደሚገባው ዛሬ የሚከራከር የለም። ክርክር ያለበት ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ጥናቱ የሚካሄድበት ሕዝብ በጥናቱ ውስጥ ያለው ቦታ ምንድን ነው? የሚቆጠር ብቻ ነው? የሚጠየቅ ነው? ወይስ አብሮ የሚመረምርና አብሮ የሚወስን? በኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ጥያቄ በታሪክ ዐይን ለመመልከት ከጣና ሐይቅና ከባሕር ዳር የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ከመቶ ዓመት በላይ ሲለካ፣ ሲመረመርና በካርታ ሲነሣ ኖሯል። በዳርቻው የሚያርሰው፣ በደንገል ታንኳ የሚያሰግረውና በደሴቶቹ የሚጸልየው ሰው ግን ለብዙ ዘመን የጥናቱ ባለቤት ሊሆን ቀርቶ ምስክር ሆኖ እንኳ አልተቆጠረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ልማድ ምን እንዳስከተለ፣ በከፊል በተለወጠበት ጊዜም ምን እንደተገኘና ምን እንደጎደለ ማሳየት ነው።

ውኃውን ፈልገው የመጡ

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት በተፈራረሙት ውል ውስጥ ጣና በስም ተጠቅሷል። ኢትዮጵያ ያለ ብሪታንያ ስምምነት የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚገድብ ሥራ እንዳትሠራ የሚል ቃል በውሉ ገባ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሐይቁ የመጡት አጥኚዎች ትልቁ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ሐይቁ ምን ያህል ውኃ ይይዛል፣ በግድብ ቢታገድስ ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ምን ያህል ይተርፋል? ጂኦሎጂስቱ ግራብሃምና የመስኖ መሐንዲሱ ብላክ በ1913 ዓ.ም. ያካሄዱት ጥናት ይህንኑ ለመመለስ የታሰበ ነበር። በኋላም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ተልከው በ1920 ዓ.ም. አሜሪካ ከደረሱ በኋላ የጄ. ጂ. ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ ባለሙያዎች በ1923 ዓ.ም. መጥተው የሐይቁን መውጫ ለኩ።

እነዚህ ጥናቶች በሙያ ረገድ የሚናቁ አልነበሩም። ነገር ግን የሐይቁ ወለል በግድብ ከፍ ቢል ውኃው የሚሸፍነው የማን ማሳ እንደሆነ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ደጃፉ እንደሚርስ፣ የደንገሉ ዳርቻ ቢሰጥም ታንኳ ሠሪው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው የዳርቻው ነዋሪ ነበር። በድንበር ተሻጋሪው ድርድር ውስጥ ይህ ዕውቀት የራሱ ድምፅ አልነበረውም።

በወረራው ዘመን ደግሞ የኢጣልያ መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ጆቶ ዳይኔሊ በሚባለው ሊቅ የሚመራ ትልቅ የጥናት ቡድን ወደ ጣና ላከ። ቡድኑ ድንጋዩን፣ ውኃውን፣ ዕፀዋቱንና ዓሣውን መርምሮ ተከታታይ ቅጾች አሳተመ። ከሐይቁ ዓሦች አንዱ እስከ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ የዳይኔሊን ስም ይዞ ይገኛል። ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ ጎንደርና ጣና የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል ለሐይቁ ዓሦች ከሰጣቸው ስሞች መካከል ግን «ቤሶ»ና «ጎርጓሪ» የሚሉ ይገኙባቸዋል። ቃላቱ የላቲን እንዳልሆኑ አማርኛ ለሚሰማ ሁሉ ግልጽ ነው። ሁለቱን የአሰያየም ልማዶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በመቶ ዓመት ውስጥ የዳርቻው ሰው ከጥናቱ ምን ያህል እንደራቀ ሊገምት ይችላል።

ከነጻነት በኋላም አካሄዱ በመሠረቱ አልተለወጠም። የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ በርካታ ቅጾች ያሉት ሪፖርት አቀረበ። በጣና ዙሪያ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ለመስኖ ከታጩት ወንዞች መካከል ነበሩ። ሪፖርቱ ዛሬም ድረስ የዕቅድ አውጪዎች መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በዚያ ሰነድ ውስጥ ወንዞቹ በሴኮንድ በሚፈስሱት ውኃ ልክ ተመዝግበዋል። እነዚሁ ወንዞች በክረምት የሐይቁ ዓሣ ወጥቶ የሚራባባቸው መሆናቸው በአገሬው ዘንድ የታወቀ ነገር ቢሆንም፣ ጉዳዩ የምርምር ርእስ ለመሆን ከ30 ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት።

ቃላድና ጥርጣሬ

ሳይጠየቅ የሚለካ ሕዝብ ለልኬታው የሚሰጠው መልስ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከሐይቁ ወደ መሬቱ መመለስ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር በዚያን ጊዜ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ከተማ ነበረች። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፍቶባት ነበር፤ የዘመናዊነት ምልክትም ሆና ትታይ ነበር። በጠቅላይ ግዛቱ ገጠር ግን ገበሬው የርስት መሬቱ በቃላድ እንዳይለካ አጥብቆ ይጠብቅ ነበር። መለካት ማለት ለእርሱ ርስቱን ለመንጠቅ የሚደረግ ዝግጅት ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የገበሬውን ዓመታዊ ምርት በገማቾች አማካይነት አስገምቶ ግብር ለመጣል የታሰበ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ አዋጁ ሀብታሙን ከድኻው የሚለይና ከቀድሞው አሥራት ይልቅ ወደ ፍትሕ የቀረበ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ገማቹ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣና የጻፈው ቁጥር በኋላ ለምን እንደሚውል ለገበሬው ያስረዳው አልነበረም። በዚያው ዓመት በጎጃም ብዙ ወረዳዎች ዐመፅ ተነሣ፤ ጦርም ተላከ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ግብሩም በጎጃም እንደታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። ብዙዎች ይህን ዐመፅ ገበሬው ለውጥን መጥላቱ አድርገው ተርጉመውታል። ከጥናት አንጻር ሲታይ ግን ሌላ ትምህርት አለው። ሕዝቡ ያላመነበት ልኬታ ትክክል ቢሆን እንኳ ለመንግሥት ዕውቀት ሊሆነው አይችልም፤ ተለኪው እውነቱን ይሸሽጋልና።

አስጋሪውና ተመራማሪው

በሐይቁ ላይ ሁኔታው መለወጥ የጀመረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ በጣና የሚያሰግረው በአብዛኛው በደንገል ታንኳ ነበር። ከታንኳ ሠሪዎቹና ከአስጋሪዎቹ መካከል የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ቀዳሚ ነው። ይህ ማኅበረሰብ የእርሻ ርስት ያልነበረው፣ በጉማሬ አዳኝነቱ ሳቢያ ለረጅም ዘመን ከጎረቤቶቹ ተገልሎ የኖረ፣ ኑሮውም በአብዛኛው በሐይቁና በደንገሉ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ኡርክ ከምትባለው የኔዘርላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ከተነሣ የአብያተ ክርስቲያናት በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በመተባበር የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ አስገባ። የታንኳው አስጋሪ ከዳርቻው ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ የሞተር ጀልባው ሰፊውን ውኃ ከፈተው።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የጥናት ዘዴ ራሱ እየተጠየቀ ነበር። እንግሊዛዊው ሮበርት ቼምበርስና ባልደረቦቹ፣ ከከተማ ለአጭር ጊዜ ወደ ገጠር ብቅ ብሎ መጠይቅ አስሞልቶ የሚመለሰው ባለሙያ ድኻውን ሳያየው እንደሚያልፍ ይጽፉ ነበር። ኢትዮጵያም ከዚህ እንቅስቃሴ ውጭ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1988 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከለንደን ከመጡ ባለሙያዎች ጋር በወሎ ባካሄደው የገጠር ጥናት ከገበሬዎች ጋር በመነጋገር የአካባቢውን ካርታና የወራቱን የሥራ ሰሌዳ በሥዕል የማስፈር ዘዴ ተሠርቶበታል። ዘዴው በኋላ በብዙ አገሮች ለተስፋፋው አሳታፊ ጥናት ከቀደምት ልምዶች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

በጣና ላይ የተደረገው የዓሣ ምርምር ይህን ስም አልያዘም። ቢሆንም ፍሬ ያፈራው ወደ አስጋሪው በቀረበበት ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ብሪታንያዊው ባኒስተር በሙዚየም የተቀመጡ ናሙናዎችን መርምሮ፣ የጣና ትላልቅ ነጭ ዓሦች ሁሉ የአንድ ዝርያ መልኮች ናቸው ሲል ደምድሞ ነበር። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ግን የኔዘርላንዱ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናጌልከርከና ሲቢንግ በሐይቁ ላይ ተቀምጠው፣ የተያዘውን ዓሣ ትኩሱን እያዩ ሲሠሩ የተገኘው ሌላ ነው። እነዚህ ዓሦች በአፍ ቅርጻቸው፣ በሚበሉት ምግብ፣ በሚኖሩበት ጥልቀትና በሚራቡበት ቦታ የሚለያዩ 15 ያህል ዝርያዎች መሆናቸው ተረጋገጠ። በዓለም ላይ ይህን የመሰለ የትላልቅ ነጭ ዓሦች ስብስብ በፊሊፒንስ በላናኦ ሐይቅ የነበረው ከጠፋ ወዲህ፣ ሳይጠፋ የተረፈው የጣናው ብቻ ነው። መረቡን በየቀኑ የሚያራግፍ፣ የያዘውንም በመልኩና በመጠኑ ለይቶ ለገበያ የሚያቀርብ አስጋሪ ልዩነቱን በዐይኑ ሲያየው ኖሯል። ሳይንሱ በጠርሙስ ውስጥ ያጣውን በጀልባው ላይ አገኘው።

የሐይቁ የዓሣ ሀብት ምን ያህል እንደሆነ የታወቀውም በአስጋሪው በኩል ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ተስፋዬ ውድነህ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ ላይ ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ዓመታዊው ምርት በ1979 ዓ.ም. ከነበረበት 39 ቶን በ1989 ዓ.ም. ወደ 360 ቶን ደርሷል። ይህ ቁጥር ሊገኝ የቻለው ጀልባና ታንኳ ወደብ ሲደርስ የተያዘው ዓሣ በመመዝገቡ ነው። አስጋሪው የያዘውን ባያሳይ፣ ያሰገረበትንም ቦታ ባይናገር ኖሮ ከ39 እስከ 360 ያለው መንገድ አይታይም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዜና አሳሳቢ ነበር። ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ አነጻጽረው በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች በክብደት 75 ከመቶ ያህል እንደቀነሱ፣ የወጣት ዓሦቹም ቁጥር ከ90 ከመቶ በላይ እንደወረደ አስታወቁ። ምክንያቱም ተለይቶ ታየ። ቢያንስ ሰባት የሚሆኑት ዝርያዎች ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መረቡም የሚጣለው በዚያው ቦታና በዚያው ጊዜ ነው። በወንዞቹ ውስጥ ደግሞ በተፈጨ የብርብራ ፍሬ ዓሣን የማስከር የቆየ ልማድ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። የአስጋሪው ዕውቀት ዓሣው የሚሰበሰብበትን ቦታና ወር እንዲያውቅ ያደረገው ነው፤ ያው ዕውቀት ዓሣውን ለመጨረስም ያገለግላል። ማወቅ ብቻውን መቆጠብን አያስከትልም። መቆጠብ የሚመጣው፣ ዛሬ የተወው ዓሣ ነገ ለእርሱና ለልጆቹ እንደሚቆይለት ሲያምን ነው፤ ይህን እምነት ሊሰጠው የሚችለው ደግሞ አብሮ ያወጣው ሥርዐት ነው።

ሕጉ፣ ግድቡና አረሙ

ጥናቱ ወደ ሕግ ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጣ፤ የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሕግ ደነገገ። ተመራማሪው ያየው አደጋ በአዋጅ ቋንቋ መጻፉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሕጉ በመረቡ ላይ የሚታይ ለውጥ ማምጣት አልሆነለትም። በቀጭን የላስቲክ ክር የተሠሩ ጠባብ ዐይን ያላቸው መረቦች በሐይቁ ላይ ተስፋፉ፤ በመራቢያ ወራት በወንዝ አፍ ማስገሩም ቀጠለ። መረጃው ከአስጋሪው ተወስዶ ነበር፤ ውሳኔው ግን ትእዛዝ ሆኖ ተመለሰለት።

በዚያው ሰሞን በሐይቁ ወለል ላይ የደረሰውም ይህንኑ ያስታውሳል። የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨራ ጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. በሮቹ ተጨመሩ። ዓላማው በጢስ ዓባይ ለሚመነጨው ኤሌክትሪክ የማይዋዥቅ ውኃ ማቅረብ ነበር። ዝናብ ካነሰበት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1995 ዓ.ም. የሐይቁ ወለል 1,784.4 ሜትር ላይ ደረሰ፤ ይህም ለመርከብ ጉዞ ከሚያስፈልገው 1,785 ሜትር በታች ነው። መርከቦች ለወራት ቆሙ፣ የደንገሉ ዳርቻ ተጎዳ፣ ውኃው የሸሸበት መሬትም ታረሰ። ለኃይል ማመንጫው መሐንዲስ ሐይቁ ማጠራቀሚያ ነበር። ለታንኳ ሠሪው፣ ለመርከበኛው፣ ለአስጋሪውና ለዳርቻው ገበሬ ግን እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር የተለያየ ትርጉም ነበረው። የበሩን መክፈቻና መዝጊያ የሚወስነው ስሌት እነዚህን ሁሉ ትርጉሞች አልያዘም።

«ሕዝብ» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ የሚሻውም በዚህ ምክንያት ነው። ውኃ የሸሸበትን መሬት ያረሰው ገበሬ የወለሉን መውረድ እንደ ሲሳይ ሊቈጥረው ይችላል፤ ለወይጦው ታንኳ ሠሪ ግን የደንገሉ መጥፋት የኑሮ መፍረስ ነው። የሞተር ጀልባ ባለቤትና የታንኳ አስጋሪ ስለ መረብ ዐይን አንድ አሳብ የላቸውም። የቀበሌ ስብሰባ ጠርቶ በጭብጨባ የተስማማውን ሁሉ የሕዝብ ድምፅ ነው ብሎ መመዝገብ፣ ቀድሞም ድምፅ ያልነበረውን ሁለተኛ ጊዜ ዝም ማሰኘት ይሆናል። በከተማዋ መስፋፋት ከሐይቁ ዳር እየተገፋ የመጣው ወይጦ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው።

የቅርቡ ምዕራፍ የእምቦጭ ነው። አረሙ በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በይፋ ከታወቀ በኋላ በደምቢያና በፎገራ በኩል በፍጥነት ተዛመተ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ገበሬ ለዓመታት ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ እየቆመ በእጁ ነቀለው። ከሌላ ቦታም ወጣቶች ዘምተው አገዙ፤ ማሽኖችም ተገዙ። ይህ የሕዝብ ተሳትፎ ነው ወይ ቢባል፣ በጉልበት ረገድ ከዚህ በላይ ሊጠየቅ አይችልም። ነገር ግን አረሙ በየትኛው ነፋስ ወደየትኛው ዳር እንደሚሄድ፣ ውኃው ሲሸሽ በጭቃው ላይ መቼ እንደሚበቅል፣ ከተነቀለ በኋላ የት ቢከመር ተመልሶ እንደማይገባ በየቀኑ የሚያየው ያው ነቃዩ ነው። ገበሬው በክንዱ እንደተጠራ ሁሉ በአሳቡም እንዲጠራ የተደረገው ጥረት ከክንዱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

መደምደሚያ

የጣና ታሪክ ጥናት ከሕዝብ ጋር ያለውን ግንኙነት በደረጃ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች ውኃውን ለክተው ሰዎቹን አለፏቸው። የግብር ገማቹ ሰዎቹን ሊለካ መጣ፤ ሳያምኑበትም ተመለሰ። የዓሣ ተመራማሪው ወደ አስጋሪው ጀልባ ገባና ሐይቁ ምን እንደያዘ፣ ምን እያጣ እንደሆነም ዐወቀ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ደረጃ ጥናቱ የደረሰበትን ነገር ወደ ወደቡ መልሶ፣ በሕግ ከመጻፉ በፊት በአስጋሪው፣ በገበሬውና በታንኳ ሠሪው ፊት ማስቀመጥ ነው። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ክልልነት ሲመዘገብ የሕዝቡን መተዳደሪያ ከተፈጥሮ ጥበቃ ጋር አስተባብሮ የመያዝ ግዴታ አብሮ መጥቷል። ባሕር ዳርም ዛሬ ዩኒቨርሲቲና የዓሣ ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ ባለሙያ አጣሁ ልትል አትችልም።

እንግዲህ ከባለሙያው የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በጥናቱ መነሻ ላይ ጥያቄውን ከሚመለከታቸው ጋር መቅረጽ ነው፤ ጥያቄው ከተቀረጸ በኋላ የሚመጣ ተሳትፎ መልስ ከማቀበል አያልፍም። ሁለተኛው፣ በጥናቱ መጨረሻ ላይ የተገኘውን በሚገባቸው ቋንቋ ለሰጪዎቹ መመለስና ተቃውሟቸውን ከሪፖርቱ ጋር ለወሳኙ አካል ማቅረብ ነው። በነሐሴ ጎርፍ የጉማራ ውኃ ሲደፈርስ ዓሣው እንደ ዱሮው ወደ ወንዙ አፍ ይመጣል። መረቡን ይዞ በዚያ የሚቆመው ሰው እጁን እንዲሰበስብ የሚያደርገው፣ ራሱ የመሰከረበትና ራሱ የተስማማበት ሥርዐት ሲሆን ነው።